ያው ቅመም፣ ሌላ ተራ፦ የሦስት ወር የካሪ ማስታወሻ

እሑድ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017

ይህን ማስታወሻ ለመጀመር ምክንያት የሆነኝ አንድ የምሳ ዕቃ ነው። በመሥሪያ ቤታችን በደቡብ ህንድ የምትገኘው የኬረላ ተወላጅ የሆኑ አንዲት መሐንዲስ አሉ፤ ባለፈው ሐሙስ ከአጠገቤ ተቀምጠው ምሳቸውን ሲከፍቱ የወጣው ሽታ የያዝኩትን ጉርሻ አስረሳኝ። ከውስጡ የነበረው ቢጫ፣ ቀጠን ያለ፣ ከላዩ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርትና ጠቆር ያሉ ጥቃቅን ፍሬዎች የተንሳፈፉበት የምስር ወጥ መሳይ ምግብ ነበር። አቀመሱኝ። ምስር ከልጅነቴ ጀምሮ ስበላ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጣዕም ግን ከምስር ወጥቶ አያውቅም። ምን ምን እንደገባበት ስጠይቃቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ፦ ምስር ክክ፣ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዛላ በርበሬ፣ ዘይት፣ ጨውና ጂራ የሚሉት ፍሬ። ከሰባቱ ስድስቱ በእናቴ ጓዳ ሁልጊዜ ያሉ ነገሮች ናቸው። ግራ መጋባቴን አይተው፣ "መቼ እንደሚገባ ነው ማየት ያለብህ" አሉኝና ወደ ምሳቸው ተመለሱ።

ዛሬ ራሴ ልሞክረው ተነሣሁ። ጂራ ምን እንደሆነ በስልኬ መዝገበ ቃላት ስፈልግ "አዝሙድ" ይላል፤ ሾላ ገበያ ሄጄ አዝሙድ ስጠይቅ ባለ ቅመሟ "ጥቁሩን ነው ነጩን?" አለችኝ። በምሳ ዕቃው ውስጥ ያየሁት ፍሬ ጥቁር አዝሙድን የሚያህል ጥቁር ስላልነበረ "ነጩን" ብዬ ሃምሳ ግራም ገዛሁ።

አንድ ኩባያ ምስር ክክ ለቅሜና አጥቤ፣ በሦስት ኩባያ ውኃና በግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ቀቀልኩት። እርዱ ገና ከውኃው ጋር መግባቱ፣ ቀሪው ቅመም ደግሞ ምግቡ በስሎ እስኪያልቅ ድረስ ውጭ መቆየቱ ለእኔ እንግዳ ነገር ነው፤ በእኛ ቤት ቅመም ከቁሌቱ ጀምሮ ይገባል፣ መከለሻው ብቻ ለመጨረሻ ይቀራል። በመጨረሻ በትንሽ መጥበሻ ዘይት አግዬ የገዛሁትን ፍሬ ጨመርኩበት፣ ነጭ ሽንኩርቱን አስከተልኩ፣ ከነትኩሳቱ ምስሩ ላይ ገለበጥኩት። ድምፁ እንደተነገረኝ ነበር። ሽታው ግን ጦስኝ ሻይ ነው። ጎርሼም ያው ጦስኝ ነው። አንድ ድስት ምስር በጦስኝ በላሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017

ጥፋቱ ታውቋል። ባልደረባዬ መሐንዲሷ የገዛሁትን ፍሬ በመዳፋቸው አሽተው አንዴ እንዳሸተቱት ሳቁ፤ እሳቸው አገር አጅዋይን የሚሉት ነው፤ ለቂጣና ለሆድ ሕመም ይጠቀሙበታል። ነጭ አዝሙድ ማለት ይኸው ነው። የጦስኝ ሽታ ያመጣውም በሁለቱም ውስጥ ቲሞል የሚባለው ንጥረ ነገር ስላለ ነው። ጂራ ማለት ደግሞ እኛ ከሙን የምንለው ነው። መዝገበ ቃላቱ "አዝሙድ" ብሎ የሄደው ሦስት የተለያዩ ፍሬዎችን በአንድ ስም ጠቅልሎ ነው፤ ይህን ማስታወሻ አንብቦ የሚሞክር ሰው ካለ ገበያ ሲሄድ "ከሙን" ብሎ ይጠይቅ፣ እጁ ላይም አሽቶ ያሽትት።

ዛሬ ጾም ስለሆነ ምስሩ የሚበላበትም ቀን ነው። እንደገና ሠራሁትና፣ ዋናው ነገር ያለው በመጨረሻዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ ስለሆነ እሷን ዘርዝሬ ልጻፍ። ታድካ ይሏታል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በትንሽ መጥበሻ ጣድኩ። ዘይቱ መጋሉን ለማወቅ አንዲት የከሙን ፍሬ ጣል አደረግኩ፤ ወዲያው ዙሪያዋን አረፋ ይዛ ከተሽከረከረች ደርሷል ማለት ነው፣ ዝም ብላ ከሥር ከተኛች ገና ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን ስጨምር ፍሬዎቹ ተንጫጩ፤ ቀለማቸው ከግራጫማ ቡኒ ወደ ደማቅ ቡኒ ሲለወጥ ሽታው ተነሣ፤ ይህ ሁሉ የሆነው ሠላሳ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ነው። በስሱ የተከተፈ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት አስከተልኩ፣ ዳር ዳሩ ወርቅ ሲመስል እሳቱን አጥፍቼ ሁለት ዛላ በርበሬ ጨመርኩ። በርበሬው እሳቱ ከጠፋ በኋላ መግባት አለበት፤ አለዚያ ጠቁሮ ይመራል፣ ጢሱም ቤተሰቡን በሙሉ ያስላል። ከዚያ ምስሩ ላይ ገለበጥኩትና ወዲያው ከደንኩት።

ክዳኑን ስከፍት ያ የሐሙስ ሽታ ወጥ ቤቴ ውስጥ ነበር። ብዙው የቅመም ሽታ በውኃ ሳይሆን በቅባት ስለሚሟሟ፣ በጋለ ዘይት ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች የቆየ ከሙን ያለውን ሁሉ ለዘይቱ ይሰጣል፤ ዘይቱ ደግሞ ከምስሩ በላይ ስለሚንሳፈፍ መጀመሪያ አፍንጫና ምላስ የሚያገኙት እሱን ነው። "መቼ" የተባልኩት ገባኝ። ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት አንድ ጊዜ እየሠራሁ ሂደቱን እዚህ አሰፍራለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017

የነቢያት ጾም ከገባ ሳምንት ሆኖታል፤ ለዚህ ሥራ ጾም እንቅፋት አልሆነም፣ እንዲያውም አግዟል። የህንድ ቤቶች ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ ሳይነካ የሚሠራ ምግብ ሞልቷቸዋል፤ እኔም የመረጥኩት ሽምብራ ነው፤ ቻና ማሳላ ይሉታል። ሽምብራ እንደ ልብ በሚመረትበት አገር እየኖርኩ ከሽሮና ከቆሎ ውጭ ሠርቼው አለማወቄ ትንሽ አሳፍሮኛል።

ሦስት መቶ ግራም ሽምብራ ማታ ዘፍዝፌ ጠዋት ጣድኩ። የምግብ አሠራሩ በተራ ድስት አንድ ሰዓት ይበቃል ይላል። ከሁለት ሰዓት በኋላም ከጥርስ ጋር ይታገላል። አሠራሩን የጻፈው ሰው ባሕር ዳርቻ ላይ የሚኖር መሆን አለበት፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ እንጨት ብንጨምር ውኃው በፍጥነት ይተናል እንጂ አይሞቅም። እናቶቻችን ባቄላና ሽምብራ ከሌሊት ጀምረው የሚጥዱት በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ወደ ፕሬዠር ድስት ተዛወርኩ። እዚህ ደግሞ ሌላ ችግር ገጠመኝ። አሠራሩ የሚለካው በደቂቃ ሳይሆን በፉጨት ነው፤ "አምስት ፉጨት" ይላል። የህንድ ፕሬዠር ድስት እንፋሎቱን ያጠራቅምና ክብደቱን ከፍ አድርጎ በየተወሰነ ጊዜ ይጮሃል፤ የእኔው ግን ከአውሮፓ የመጣ ስለሆነ ዝም ብሎ አንድ ወጥ "ሽሽ" ይላል። እኔ ይህን አላወቅኩም፤ የመጀመሪያውን ፉጨት ስጠብቅ ሃምሳ ደቂቃ አለፈ። ድስቱን ስከፍት ሽምብራው ወፍጮ ቤት ሳይሄድ ሽሮ ሆኖ ጠበቀኝ። ሰኞ ባልደረባዬን ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ በእሳቸው ምድጃ አምስት ፉጨት ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ለእኔ ድስት እንፋሎቱ ወጥ ሆኖ ከወጣ በኋላ ሃያ አምስት ደቂቃ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሌላም ነገር ነግረውኛል፦ ፑንጃብ ውስጥ ሽምብራው ጠቆር እንዲል ሲቀቀል የሻይ ቅጠል በጨርቅ ቋጥረው ይጨምሩበታል። ሻይ በወጥ ውስጥ! በሚቀጥለው እሞክረዋለሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017

ሽምብራው ተስተካክሏል፣ ሻዩም ቀለሙን አምጥቷል፣ ጣዕሙም አይታወቅም። ዛሬ ብዙ መጻፍ የምፈልገው ግን ስለ ሽንኩርቱ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ላይ ሦስት ጊዜ ተሸንፌያለሁ።

የመጀመሪያ ሁለቱን ጊዜ ሽንኩርቱን የሠራሁት እንደ እናቴ ነበር፦ ደቅቆ የተከተፈ ሽንኩርት ያለ ዘይት በደረቅ ድስት እያማሰሉ፣ ሲይዝ ትንሽ ውኃ ጠብ እያደረጉ፣ ውኃው ደርቆ ሽንኩርቱ እስኪቀልጥ ማቁላላት፣ ዘይቱን ከዚያ በኋላ መጨመር። እጄ ሌላ አያውቅም። ውጤቱ የሚበላ ነው፣ ግን ወጥ ነው። በርበሬ የሌለው፣ ለስላሳ፣ የሚጣፍጥ የሽምብራ ወጥ። ካሪ የሚባለው ነገር በአጠገቡም አላለፈም።

ለባልደረባዬ ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው። ሽንኩርቱን በስሱ በቁመቱ እንድቆርጠው፣ ዘይቱን አስቀድሜ እንዳግል፣ ውኃ እንዳልጠጋበት፣ ቲማቲሙ ከገባ በኋላም በደንብ "ቡና" እንዳደርገው ነገሩኝ። መስመሩ ጥሩ አልነበረም። ባለፈው ሻይ ያስገባ ምግብ ዛሬ ቡና የማይጨምርበት ምክንያት ስላልታየኝ፣ "የተፈጨውን ነው? ስንት ማንኪያ?" ብዬ ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ለብዙ ጊዜ ሳቅ ብቻ ነው። በሂንዲ ቡና ማለት ቅመምንና ሽንኩርትን በዘይት እያገላበጡ ውኃው ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ መጥበስ ማለት ነው፤ ከእኛ ቡና ጋር የሚያገናኘው ነገር ካለ መቆላቱ ብቻ ነው።

አራተኛው ሙከራ እንዲህ ሆነ። ሰማንያ ሚሊ ሊትር ዘይት አግዬ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ሁለት ቅርንፉድና አንድ ቁራጭ ቀረፋ ጨመርኩ። አራት መቶ ግራም ቀይ ሽንኩርት አስከተልኩ። አምስት ደቂቃ ላይ አንጸባረቀ፣ አሥራ አራት ላይ ወርቅማ ሆነ፣ እኔም እንደ ልማዴ ላወጣው ፈለግኩ፤ ታገሥኩ። ሃያ ሁለት ላይ ቀለሙ የተቀባ ቆዳ መሰለ፤ ሽታው ጣፋጭነትና ትንሽ ምሬት አንድ ላይ የያዘ ሆነ። እኛ ሽንኩርቱን የምናቀልጠው ጠፍቶ ወጡን እንዲያወፍር ነው፤ እነሱ የሚጠብሱት የተጠበሰ ጣዕሙን ፈልገው ነው። ሁለት ደቂቃ ለተወቀጠው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ሰጠሁ። የተፈጨው ድንብላል፣ እርድና በርበሬ ሲገባ እንዳያርር ሁለት ማንኪያ ውኃ ጠብ አደረግኩ፤ ዱቄት ቅመም በጋለ ዘይት ውስጥ ከፍሬው በጣም ቀድሞ ይቃጠላልና። ከዚያ ሁለት የተፈጨ ቲማቲም።

ከዚህ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ቅልቅሉ መጀመሪያ እንደ ገንፎ ይተፋል፤ ቀስ በቀስ ይጠብቃል፤ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ማማሰያውን መሐሉ ላይ ሳሳልፍ መንገዱ ተከፍቶ ቀረ፣ ከመንገዱም ዳርና ዳር ጥርት ያለ ቀይ ዘይት ወጣ። ዘይቱ ተለየ ማለት ውኃው አልቋል፣ ቅመሙም በቀጥታ በዘይት ላይ እየበሰለ ነው ማለት ነው። ከዚህ በፊት ውኃ የጨመረ ሰው የጥሬ ቅመም ጣዕም ይዞ ይቀመጣል፤ እኔ ሁለት ሳምንት የበላሁት እሱን ነበር።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017

አጭር ማስታወሻ። ኢሽቱ የሚባለውን የኬረላ የድንች ምግብ በኮኮናት ወተት ሠራሁ። በርበሬ የለበትም፤ የሚያቃጥለው ቁንዶ በርበሬ፣ ቃሪያና ዝንጅብል ነው። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የወጣ ተክል ስለሆነ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካሊከት ሲደርስ ኬረላ ውስጥ አልነበረም፤ ለዘመናት መርከበኞችን ወደዚያ የሳበው ቁንዶ በርበሬው ነው። የእኛም ድልህ ቢሆን ከዚያ ወዲህ የመጣ መሆኑን ሳስብ ማመን ያቅተኛል።

ባልደረባዬ በረንዳቸው ላይ በጣሳ ከሚያሳድጉት ተክል አንድ ቀንበጥ የካሪ ቅጠል ሰጡኝ። በሱፐርማርኬት በጠርሙስ ከሚሸጠው የካሪ ዱቄት ጋር ዝምድና የለውም፤ ዱቄቱን እሳቸው ቤታቸው አስገብተው አያውቁም። "ካሪ" የሚለው ስም ከታሚል ቋንቋ ተነሥቶ እንግሊዞች ያገኙትን መረቅ ያለው ምግብ ሁሉ የጠሩበት ነው ይላሉ፤ እሳቸው ቤት እያንዳንዱ ምግብ የራሱ ስም አለው። ቅጠሉ በዘይት ውስጥ ሲገባ እንደ ርችት ይተኮሳል። ኮኮናቱ ግን ተበላሸብኝ፦ እሳቱን ሳልቀንስ ስላፈላሁት ተለያይቶ እንደ አሬራ ሆነ። የጣሳውን ግማሽ በውኃ አቅጥኖ ድንቹን በዚያ መቀቀል፣ ወፍራሙን ግማሽ መጨረሻ ላይ ጨምሮ ከመፍላቱ በፊት ማውረድ ነው የሚሻለው።

እሑድ፣ ጥር 4 ቀን 2017

ጾሙ ተፈትቷል፣ ገና አልፏል፣ ከዶሮ ወጡ የተረፈ ዶሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። ዶሮ ካሪ።

እዚህ ላይ ትልቁ ስሕተቴ ቅቤ ነው። አሠራሩ ጊ ይላል፤ ጊ ማለት የተነጠረ ቅቤ ነው፤ የተነጠረ ቅቤ ደግሞ እናቴ ከገጠር አስመጥታ፣ በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በአብሽና በእርድ አንጥራ የሰጠችኝ በጣሳ ሙሉ አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጣል አደረግኩ። በአንድ ቅጽበት የከሙኑም፣ የሄሉም፣ የቀረፋውም ሽታ ጠፋና ቤቱ የትንሣኤ ጠዋት ሸተተ። ምንም ዓይነት የህንድ ቅመም ኮሰረትን አሸንፎ መውጣት አይችልም። ዶሮው ግሩም ነበር፤ ሆኖም እንቁላል ብቻ የጎደለው አልጫ ዶሮ ወጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለጋ ቅቤ ገዝቼ ጊውን ራሴ አነጠርኩ። ግማሽ ኪሎ ቅቤ ያለ ምንም ቅመም በዝግተኛ እሳት ይጣዳል፤ አረፋው ይወጣል፣ ውኃው ይተናል፣ ከሥር የሚዘቅጠው የወተት ተረፈ ምርት እስኪጠቁር ሳይሆን ወርቅማ ቡኒ እስኪሆን ይጠበቃል፣ ከዚያ በጥሩ ጨርቅ ይጠለላል። የእናቴ ቅቤ ጣዕሙን የሚያገኘው ከቅመሙ ነው፤ ይኸኛው ከዚያ ከሥር ከሚበስለው ነገር ነው፤ የተቆላ ለውዝ ይመስላል።

ሁለተኛው ስሕተት እርጎው ነበር። የዶሮው መረቅ እየተንተከተከ ሳለ ከማቀዝቀዣ ያወጣሁትን እርጎ በአንድ ጊዜ ስገለብጠው እዚያው አይብ ሆነ። አሁን እርጎውን አስቀድሜ አውጥቼ እመታዋለሁ፣ አንድ ጭልፋ ትኩስ መረቅ አቀላቅልበታለሁ፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሼ በማንኪያ በማንኪያ እጨምራለሁ።

በርበሬው ግን የተሳካልኝ ነው፤ ለብቻው ይመዝገብ። አሠራሩ የካሽሚር በርበሬ ይፈልጋል፤ ብዙ የማያቃጥል፣ ቀለሙ ግን ደም የሚመስል ነው። እዚህ ስለማላገኘው የማረቆ ዛላ ገዝቼ፣ ፍሬውንና አውታሩን አውጥቼ፣ ቆዳውን ብቻ በሙቅ ውኃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፌ ፈጨሁት። ቀለሙን ያዩት ባልደረባዬ ምን ዓይነት በርበሬ እንደሆነ ጠይቀው ስሙን በማስታወሻ ደብተራቸው ጽፈውታል። ከዚህ ሥራ ሁሉ ያኮራኝ ይህ ነው።

እሑድ፣ ጥር 18 ቀን 2017

ፓኒር፤ በቆስጣ መረቅ ውስጥ የሚገባ የህንድ አይብ። መጀመሪያ በገዛሁት አይብ ልሞክር ብዬ በቆስጣው መረቅ ውስጥ ስጨምረው ተበትኖ አረንጓዴ ጎመን ክትፎ የሆነ ነገር ወጣ። በመሠረቱ ሁለቱም ከወተት ተለይተው የሚወጡ ናቸው፤ አይባችን ግን ቅቤው ከተናጠ በኋላ ከቀረው አሬራ ስለሚሠራ ይፈረፈራል፣ ፓኒር ደግሞ ቅባቱ ካልወጣለት ትኩስ ወተት ነው። ሁለት ሊትር ወተት አፍልቼ፣ አውርጄ፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ ቀስ እያልኩ ጨመርኩ፤ አጓቱ ጥርት ብሎ አረንጓዴ ቢጫ ሲሆን ቆምኩ። በነጠላ ቁራጭ አጥልዬ ሙቀጫውን ጫንኩበት። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሦስት መቶ ሠላሳ ግራም የሚመዝን፣ በቢላ የሚቆረጥ ነገር ሆነ። ሲጠበስም አይቀልጥም። አጓቱን ሩዝ ቀቀልኩበት።

እሑድ፣ ጥር 25 ቀን 2017

ዛሬ ጋራም ማሳላ አዘጋጀሁ። ጋራም ማለት ሙቅ ማለት ነው፤ የምላስ ቃጠሎን ሳይሆን ሰውነትን የሚያሞቁ የሚባሉትን ቅመሞች ያመለክታል። መጠኑ እንደየቤቱ ይለያያል፤ እኔ ከአራት ሙከራ በኋላ የረጋሁበት ይኸኛው ነው፦ ድንብላል 30 ግራም፣ ከሙን 15፣ ቁንዶ በርበሬ 10፣ ሄል 8፣ ቀረፋ 6፣ ቅርንፉድ 4፣ ግማሽ ፍሬ ገውዝ። ገውዙ ሲቀር ሌላውን በቡና መቁያ በተናጠል አመስኩት፤ ድንብላልና ቅርንፉድ አንድ ላይ ከተቆሉ ድንብላሉ ቀድሞ ያልፍበታል። ቡና በዚያው መቁያ ማግሥቱን ሲቆላ የከሙን ጣዕም ይዟል፤ ለዚህ ሥራ የራሱን መቁያ መግዛት ያስፈልጋል።

ሽታው ሲነሣ እናቴ ከሳሎን መጣች። ከበር ላይ ቆማ፣ "አሁን ደግሞ መከለሻ ነው የምትሠራው?" አለችኝ። አይደለም ልል አፌን ከፈትኩና ዝም አልኩ። ቁንዶ በርበሬው፣ ቅርንፉዱ፣ ቀረፋው፣ ገውዙ ከእሷ መከለሻ ውስጥ ያሉት ናቸው፤ እሷ በሄሉ ፋንታ ኮረሪማ፣ በድንብላሉ ፋንታ ጥምዝ ታደርጋለች፤ ሁለቱም ዱቄት የሚገባው ምግቡ ሊወርድ ሲል ነው። ሦስት ወር ሙሉ የቅመምን ተራ ከሰው አገር የተማርኩ ይመስለኝ ነበር፤ የመጨረሻውን ተራ ግን እናቴ ጋ ትቼው ነው የሄድኩት።

በዚያው ኮረሪማን ለመሞከር ወሰንኩ። ህንዶች ለሥጋ የሚጠቀሙበት ትልቅ ጥቁር ሄል አላቸው፤ በእሳት ጢስ ስለሚደርቅ የጢስ ሽታ አለው፤ እዚህ አላገኘሁትም። በእሱ ምትክ ሁለት ራስ ኮረሪማ ሰንጥቄ ከነልጣጩ ዘይቱ ውስጥ ጣልኩ፣ ሊቀርብ ሲልም አወጣኋቸው። ጢሱ የለም፤ የካምፎር ቅዝቃዜው ግን አለ፣ ከበግ ሥጋ ጋር በጣም ይስማማል። ሦስት ራስ ሲሆን ግን ወጥ ወጥ ማለት ይጀምራል። ድንበሩ ሁለት ነው።

እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን 2017

ነገ ዐቢይ ጾም ስለሚገባ የዛሬው ቅበላ ነው፤ ለዘጠኝ ሰው አበሰልኩ። ዶሮ በማረቆ በርበሬና በጊ፣ ፓኒር በቆስጣ፣ የመጀመሪያው ቀን ምስር፣ ሩዝ። ባልደረባዬን ጋብዣቸው መጥተዋል። አባቴ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ሒሳብ ያስተማሩት መምህር በዚያ ዘመን ወደ አገራችን ከመጡት ብዙ ህንዳውያን መምህራን አንዱ፣ ከዚያችው ከኬረላ ስለነበሩ፣ ወሬው ከምግቡ በፊት ሞቀ፤ አባቴ ከስልሳ ዓመት በፊት በመስመሪያ የተመታበትን ጣት አውጥቶ አሳያቸው፣ እሳቸውም ስለ አገራቸው ሰው ይቅርታ ጠየቁት።

ለሥራው መዝገብ የሚሆነው ይህ ነው፦ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ድስት አይጠበስም። ድስቱ ሲሞላ ሽንኩርቱ ውኃውን ያወጣና በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል፤ አርባ ደቂቃ ጠብቄ ቀለም ስላልያዘ ለሦስት ከፍዬ በሦስት ዙር ጠበስኩት። እንግዶቹ አንድ ሰዓት ዘግይተው በሉ። ዶሮውን ሁሉም በእንጀራ ነው የበላው፤ ባልደረባዬም ጭምር፣ ሩዙ እንዳለ ተረፈ። ምስሩ ላይ የሚገለበጠውን ታድካ ገበታው ቀርቦ ሰው ሁሉ እያየ ነው የሠራሁት፤ ሲንጫጫ የእህቴ ልጆች ከወንበር ወንበር ዘለሉ።

ባልደረባዬ አንድ ማንኪያ ምስር ቀምሰው ዐይናቸውን ጨፈኑና ከሙኑ በሰዓቱ ወጥቷል አሉ። እናቴ ከምስሩ ሳህን የቀረውን ዘይት በእንጀራ ጠርጋ ከጨረሰች በኋላ፣ ጨው እንዳነሰው ነገረችኝ።